ቀዳዳ በሌለው ብስክሌት ላይ ጭነት መያዣ ለማሰር

በዚህ ሳምንት የምናወጋው ከብስክሌት ኋላ ስለሚታሰረው ጭነት መያዣ ነው፤ የመኪና ቢሆን ኖሮ ፖርቶመጋላ የምንለው ዓይነት። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። ለንደን ውስጥ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ለሥራ የሚወጣ ወገናችን ግን ቁም ነገርነቱን ያውቀዋል። የሥራ ልብስ፣ ጫማ፣ የምሳ ዕቃና ከባድ የብስክሌት ሰንሰለት በጀርባ ተሸክሞ አንድ ሰዓት መጋለብ ወገብን ይጎዳል፤ ሥራ ቦታ ሲደርሱም ሸሚዝ በላብ ርሶ ይገኛል። በባቡር ልሂድ ቢሉም፣ የማይታጠፍ ብስክሌት በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ወደ አብዛኛው የምድር ውስጥ ባቡር አይገባም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለተኛ እጅ የእሽቅድምድም ብስክሌት በርካሽ አገኘና «ጭነት መያዣ እሰርልኝ» አለኝ። ብስክሌቱን ገልብጠን ስናየው፣ ብሎን የሚገባበት አንድም ቀዳዳ የለውም። ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም፤ ለውድድር የተሠራ ብስክሌት ጭነት ይሸከማል ተብሎ አይታሰብም። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ውኃውንም መለዋወጫ ጎማውንም የሚይዝለት የቡድን መኪና ከኋላው ይከተለው ነበር። የእኛን ምሳ ዕቃ የሚይዝልን መኪና ግን የለም።

መጀመሪያ ብስክሌቱ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ብዙ አማራጭ አለ። ካርቦን ፋይበር ከሆነ ግን በቱቦው ላይ ምንም ነገር አጥብቃችሁ አትሰሩ። ካርቦን በውድድር የሚመጣበትን ጫና ቢችልም፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጨመቅ ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል።

ለብረትና ለአሉሚኒየም ቀላሉ መንገድ የሚከተለው ነው። የመቀመጫውን ዘንግ አንቆ የሚይዘውን ቀለበት፣ በግራና በቀኝ የብሎን ቀዳዳ ባለው ሌላ ቀለበት ትቀይራላችሁ። የጭነት መያዣው የላይኛው ክንድ እዚያ ይታሰራል። የታችኛው እግር ደግሞ ወደ ኋላ ጎማው በሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ፣ ውስጣቸው ላስቲክ በለበሰ የብረት ማቀፊያዎች ይያዛል። ቀለበቱን ከመግዛታችሁ በፊት የቱቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ የተለመዱት 31.8 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ሌሎችም አሉ። በማቀፊያው ሥር የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ብታስገቡ ቀለሙ አይላጥም፣ ማቀፊያውም አይንሸራተትም።

ከዚህ የሚጠነክረው ሁለተኛው መንገድ ነው። የኋላ ጎማው በእጅ ማንሻ ተከፍቶ የሚወልቅ ከሆነ፣ ረዘም ያለ ዘንግና የጭነት መያዣውን እግር የሚቀበሉ ሁለት ጆሮዎች ያሉት ዕቃ ይሸጣል። ክብደቱ በማቀፊያ ላይ ሳይንጠለጠል በቀጥታ ወደ ጎማው መሐል ዘንግ ይወርዳል። ለባልደረባዬ የመረጥኩለት ይህንን ነበር፤ በየቀኑ ለሚጫን ሰው ከማቀፊያው ይልቅ ይህ ያስተማምናል።

ሦስተኛው፣ በመቀመጫው ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። በአምስት ደቂቃ ይገጠማል፤ ነገር ግን እንደ ክንድ ተዘርግቶ ስለሚንጠለጠል ብዙ አይሸከምም። በአብዛኛው አሥር ኪሎ ግድም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ልኩ ዕቃው ላይ ተጽፏል። የካርቦን ዘንግ ላይ አይታሰርም። አራተኛው ጭነት መያዣም አያሻውም፤ ከመቀመጫው ሥር የሚንጠለጠል ትልቅ ቦርሳ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ኔልሰን ከተማ ያለው ካራዲስ ከ1932 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የሸራ ቦርሳዎችን ይሠራል። ለምሳና ለቅያሪ ልብስ ይበቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት ከፔዳሉ እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት አጭር ነው። የጎን ቦርሳ ስትሰቅሉ ተረከዛችሁ እየመታው ሊያስቸግር ስለሚችል ቦርሳውን ወደ ኋላ ግፉት። ሁለተኛ፣ ቦርሳው የኋላ መብራታችሁን ይሸፍነዋል። በዚህ አገር ከጨለመ በኋላ ቀይ የኋላ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ ሕግ ያዝዛል፤ ስለዚህ መብራቱን ወደ ጭነት መያዣው ጫፍ አዙሩት። ሦስተኛ፣ የተንጠለጠለ ችንጊያ ወደ ጎማው ከገባ ጎማው በድንገት ይቆማል፤ ጋላቢውም ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ትርፉን ችንጊያ ቋጥሩት ወይም ቁረጡት።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ በትንሽ ክብደት መኪና በሌለበት መናፈሻ ውስጥ ሞክሩት። ጭነት ሲኖር ፍሬን ለመያዝ ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ መሪውም ቅልል ይላል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ ደግማችሁ አጥብቁ፤ መንቀጥቀጡ ያላላቸዋልና። የማጥበቂያው ልክ ዕቃው ላይ ከተጻፈ ከዚያ አትለፉ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ልጅን ከኋላ አስቀምጦ መጋለብ ያየነው ነው። በዚህ ዓይነት ማሰሪያ ላይ ግን ልጅ አይቀመጥም። ማቀፊያው የተሠራው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ዕቃ እንጂ ለሚወዛወዝ ልጅ አይደለም። በእንግሊዝ ሕግም ቢሆን ብስክሌቱ ለዚያ ካልተሠራ ወይም ካልተስተካከለ በስተቀር ሁለተኛ ሰው መጫን ክልክል ነው። ልጅ የምታመላልሱ ከሆነ ለልጅ መቀመጫ የሚፈቅድ ሌላ ብስክሌት ይሻላል።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ጎማው መሐል አጠገብና ከመቀመጫው ሥር ያለውን ተመልከቱ። አራት ትንንሽ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ፣ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀሩላችኋል።