የመርከቡ ሰዎች



ባለፈው ሰሞን እዚህ መካነ ሰላም ከዐሱር ሶላት በኋላ ለልጆች ሲራ እያስተማርኩ ነበር። ወደ ሐበሻ የተደረገው ሒጅራ ላይ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ሶሐቦችም እኮ ተደብቀው ነው ባሕር የተሻገሩት። እኛስ በኦቦክ ብንሻገር ምን ነውር አለው?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የልጁ ታላቅ ወንድም በዚያው መንገድ ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ጥያቄው ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ አሥራ አንድ ያህል ወንዶችና አራት ሴቶች፣ ከእነርሱም ዑስማንና ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ከመካ በስውር ወጡ። ገሚሱ በእግሩ፣ ገሚሱ በግመል ሹዐይባ ወደብ ደረሱ። ያን ጊዜ የነጋዴ መርከቦች ሁለት ሆነው ቆመው አገኙ። ባለ መርከቦቹ በግማሽ ዲናር ኪራይ ጫኗቸው። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል።

ስለ እነዚያ መርከበኞች ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ታሪክ ስማቸውን አልያዘልንም። የዚያ ዘመን የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ብዙዎቹ ሳንቃቸው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ ነበር። ውሃ ይገባቸዋል፤ ቀን ከሌት ሲቀዳ ይታደራል። በደቡብ ቀይ ባሕር ነፋሱ በወቅት አቅጣጫውን ይለውጣል፤ የት የኮራል ድንጋይ እንዳለ፣ መቼ ሸራ እንደሚወርድ የሚያውቀው መርከበኛው ብቻ ነው። ተሳፋሪው ነፍሱን አማና ሰጥቶ ይቀመጣል። እነዚያ ነጋዴዎች ኪራያቸውን ተቀበሉ፣ ሰዎቹንም አደረሱ። ለሙያው ይህ በቂ ምስጋና ይመስለኛል።

መመለሻውም በመርከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ628 ነጃሺ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብንና (ረ.ዐ) ጓደኞቻቸውን በሁለት መርከቦች አሳፍረው ላኳቸው። ከየመን ተነሥተው ነፋስ ወደ ሐበሻ የጣላቸው እነ አቡ ሙሳ አል አሽዐሪም አብረው ነበሩ። የደረሱት ኸይበር በተከፈተ ሰሞን ነው። የጀዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስ አንድ ቀን ሐፍሷ ቤት ተቀምጣ ሳለ ዑመር ገብተው ማን እንደሆነች ጠየቁ። ስሟን ሲሰሙ «ሐበሻዊቷ? ያቺ የባሕሯ?» ዓይነት ነገር አሉና እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል አሏት። አስማ ተቆጣች፤ እናንተ ከነቢዩ ጋር ስትጠግቡና ስትማሩ እኛ በባዕድ አገር ነበርን ብላ አቤቱታዋን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። ለእነ ዑመር አንድ ሒጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት እንዳላቸው ነገሯት። ከዚያ ወዲህ የመርከቡ ሰዎች ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየመጡ ይጠይቋት ነበር። (እናቶች ይህችን ታሪክ ለሴት ልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እኛ ወንዶች ስናስተምር አስማን ዘለን ጀዕፈር ላይ እንቆማለን።)

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ሶሐቦች የተሻገሩት ሃይማኖታቸውን ይዘው ከግርፋት ሸሽተው ነው። የሄዱትም ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ዘንድ እንደሆነ ተነግሯቸው ነው። የእኛ ልጆች ድህነትን ይሸሻሉ፤ ድህነትም ቀላል ነገር ነው አልልም። ከቦረናና ከሳይንት፣ ከከላላና ከለጋምቦ የሚወጣው ወጣት ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ መሬቱ ጠቧል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰውም ሥራ የለውም። የሚያስፈራኝ ጀልባውን የሚነዳው ሰው ነው። በነሐሴ 2009 በየመን ሸብዋ ዳርቻ አሻጋሪዎች ከ120 በላይ ሶማሌያውያንና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ባሕር ውስጥ አስገድደው ጣሉ። ብዙዎቹ ሰጠሙ፤ ጀልባው ግን ሌላ ሰው ሊጭን ተመለሰ። በሐምሌ 2017 መጨረሻ ደግሞ አብያን አጠገብ በተገለበጠው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። ለዚህ ነው በሬ የሚሸጠው፤ ደላላው ገንዘቡን የሚቀበለው መካነ ሰላም ላይ ነው፣ አማናው ግን ባሕሩ ላይ የለም።

ለልጁ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ፣ ባሕር ከወደድክ መርከበኛ ሁን፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ የባሕርተኛ ማሠልጠኛ አለ፤ የመርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ። በሳምንቱ መጥቶ እዚያ ለመግባት የቱ ትምህርት እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። ሒሳብና ፊዚክስ አልኩት። ፊዚክስ ስንት እንዳመጣ ስጠይቀው መሬት መሬት አየ። ማክሰኞ ከመግሪብ በፊት ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ቀጥሬዋለሁ።