ዝምታውን ማን ይስበር? የስደተኛ ሴቶች ጥቃትና የቤተሰብ ሐኪም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አባባሉ ሸክሙን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። በባዕድ አገር በባሏ የምትደበደብ ሴት ግን ገመናዋን የምትሸሽገው ወዳ አይደለም። ቋንቋው አልገባትም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ከባሏ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፖሊስ ብትጠራ ከአገር የምትባረር ይመስላታል። ሆኖም እንቅልፍ ሲነሳት ወይም የሆድ ሕመም ሲጸናባት ወደ ቤተሰብ ሐኪም ትሄዳለች። ስለዚህ ዝምታውን የመስበር ኃላፊነት በቅድሚያ የሕክምናው ሥርዓት ነው እላለሁ።

ይህ እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። በለንደኑ ሃክኒና በብሪስቶል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 48 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችን አነጻጽሯል። በግማሾቹ ባለሙያዎች ሠለጠኑ፤ የኮምፒዩተር መዝገባቸው ስለ ጥቃት እንዲጠይቁ ያስታውሳቸው ጀመር፤ ተጠቂዋን የምትቀበል አማካሪም ተመደበች። በአንድ ዓመት ውስጥ እነዚህ 24 ክሊኒኮች 223 ጊዜ ሴቶችን ወደ ድጋፍ ሲልኩ፣ የቀሩት 24 የላኩት 12 ጊዜ ብቻ ነበር። በምሕንድስና ዓይን ሳየው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው፣ መዝገቡና ተቀባይዋ ሲቀናጁ ሥርዓቱ ይሠራል።

ለስደተኛ ሴት አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ታማኝ አስተርጓሚ። ባል፣ ልጅ ወይም ዘመድ ሊያስተረጉምላት አይገባም። በትንሽ ማኅበረሰባችን ውስጥ ደግሞ ባለሙያው አስተርጓሚ ራሱ የዕድር አባል ወይም የባልየው ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ከሌላ ከተማ ሆና በስልክ የምታስተረጉም ሴት ብትመረጥ ይሻላል።

መጠየቁ ራሱ አደጋ አያስከትልም ወይ የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሁሉንም ሴቶች በጅምላ መጠየቅን አይመክርም፤ ምልክት ሲታይ፣ ለብቻዋ ስትሆን፣ የሚሰጥ ድጋፍም ሲኖር ይጠየቅ ይላል። ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚመለከት ሕግ፣ የዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ሚስት የሆነች ተጠቂ ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ እንድታመለክት መንገድ ከፍቷል። ይህን ከክሊኒኩ አማካሪ ብትሰማ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

ጉዳዩ የባዕዳን ጭንቀት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገውን ጥናት ያስታውስ። በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

ከእኛም አንድ ቀላል ነገር ይጠበቃል። እኅታችንን ወይም ጎረቤታችንን ሐኪም ዘንድ ስናደርስ ከምርመራው ክፍል ወጣ ብለን እንጠብቃት። የምትናገረው ካላት ያን ጊዜ ትናገራለች።