«አልገባኝም» ማለት ሂስ አይደለም

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ እንዲህ ያለ አንድ ተማሪ አላጣም ነበር። ከኋላ ይቀመጣል፤ እግሩን ይዘረጋል፤ የሰጠሁትን ግጥም አንዴ ገረፍ አድርጎ ያነብና እጁን ያወጣል። «መምህር፣ ይሄ ግጥም እኮ ምንም አይልም!» እኔም የማልሰለቸው አንድ መልስ ነበረኝ። «ስንት ጊዜ አነበብከው?» «አንድ ጊዜ።» «እንግዲያው እስካሁን የነገርከን ስለ ግጥሙ ሳይሆን ስለ ራስህ ነው።» ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እዞራለሁ።

ይቺኑ መልስ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መልሶ ያጎርሰኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

እ.ኤ.አ. በ2019 መስከረም መጨረሻ ላይ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ታናሽ ወንድሜ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። ወንድሜ ሃያ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቷል። አንድ ምሽት ልጁ ቴሌቪዥኑ ፊት ደብተርና እርሳስ ይዞ ተቀምጧል። የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ረጅም ካልሲ የለበሱ ጎልማሶች ቆመዋል፤ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ልጣጩን ይተፋሉ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ዱላ ይዞ ያየዋል፤ ኳሱ ያልፋል፤ ሁሉም መልሰው ይቆማሉ። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኩ። ወንድሜ ሳቀ። «ተወው ጋሼ፣ የነሱ ነገር ነው። እኔም ይኸው ሃያ ዓመቴ፣ አልገባኝም» አለ። ያለው እያፈረ አይደለም፤ እንደ ማዕረግ ነው የተናገረው። ልጁ ከደብተሩ ቀና ብሎ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛው «አጎቴ፣ ስንት ጌም አየህ?» አለኝ።

አንድም። ግማሽም።

ይህን የምጽፈው በዚያ «አልገባኝም» ላይ ነው። ያልገባው ሰው ላይ አይደለም። ሁላችንም ሳይገባን ነው የጀመርነው። ነገሬ አለመግባቱን እንደ ፍርድ ከሚያነብብን፣ «ስላልገባኝ ከንቱ ነው» ከሚለን ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ባሕር ማዶ ሲሻገር ግን ይብስበታል። የአገሩን ቋንቋ ለሥራ ያህል፣ ሕጉን ለመንጃ ፈቃድ ያህል ይማራል። የቀረው «የነሱ ነገር» ነው።

በመጀመሪያ የሚነሳው ክስ ቤዝቦል ቀርፋፋ ነው የሚለው ነው። እስቲ ይሁን። ግን እኛ ነን ይህን የምንለው? ሰምና ወርቅ አለን ብለን ለፈረንጅ የምንመጻደቀው እኛ? የቅኔ ተማሪ አንድ ጉባኤ ቃና ለመዝረፍ ስንት ቀን በየዛፉ ጥላ እንደሚብሰለሰል የምናወራው እኛ? ቀርፋፋ የመሰለው እኮ ነገሩ የሚደራበት ቦታ ነው። ወርዋሪው ከመቺው ስድሳ ጫማ ከስድስት ኢንች ይርቃል። ኳሷ በሰዓት ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስትበር መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። ሰውየው በዚያች ቅጽበት አይቶ፣ ገምቶ፣ ወስኖ መምታት ስለማይችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ወርዋሪውም ያሰበውን ማሰብ አለበት። ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት መቺው ይወጣል፤ አራት ቦል ከተቆጠረለት በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ቁጥሩ ሁለት ለዜሮ ሲሆንና ዜሮ ለሁለት ሲሆን ያችው ኳስ ሌላ ኳስ ናት። ቆመው የሚተፉ የመሰሉኝ ሰዎች በጣት ምልክት እየተነጋገሩ፣ በእርምጃ እየተጠጉና እየራቁ፣ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ እያሰሉ ነበር። እኔ ኳሷን ብቻ ነበር የማየው፤ ሰሙን ይዤ ወርቁ የታለ የምል ሰው ሆኜ።

(በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለወርዋሪው ሰዓት ተቆርጦለታል፤ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ጨዋታው ከሃያ ደቂቃ በላይ አጠረ። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው ያልኩት ሰው መሆኔን ረስቼ።)

ሁለተኛው ክስ ስሙ ነው። «ራሳቸው ተጫውተው ራሳቸው የዓለም ሻምፒዮን!» ይህቺን ያልሰማሁበት ግብዣ የለም። እርግጥ ስሙ ትዕቢት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያው ወርልድ ሲሪስ ሲካሄድ ዓለሙ የአሜሪካ ምሥራቅና መካከለኛ ክፍል ነበር። ግን ዋንጫውን የካናዳው ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 ወስዶታል። ዶሚኒካኑ፣ ቬንዝዌላዊው የሌሉበት የዋንጫ ቡድን ዛሬ ፈልጋችሁ አታገኙም። ደግሞስ በስም ከሆነ ክርክሩ፣ በስንቱ የኛ ማኅበር ላይ «ዓለም አቀፍ» ተለጥፎ የለም?

ሦስተኛው «የኛ አይደለም» የሚለው ነው። ቡና ቤት ውስጥ በስኳር ዕቃና በስኒ ኦፍሳይድን የሚያስረዳኝ፣ አርሴናል ሲሸነፍ ምሳ የማይበላ ጓደኛዬ ነው ይህን የሚለኝ። ለንደን መቼ የኛ ሆነች? የኛ የሆነውን፣ በዱላ ሩር የምንመታበትን ገናን ደግሞ ማን ያዘልን? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት ይዘን ጨዋታውን ለበዓል ቀን ቴሌቪዥን ሰጥተነዋል። ኦፍሳይድን የተማረ አእምሮ ቤዝቦልን መማር አያቅተውም። ማንም ከናቱ ሆድ ኦፍሳይድ አውቆ አልወጣም።

እንዲያውም ዋሽንግተን ላለ አበሻ የኛ አይደለም ለማለት ዓይንን መጨፈን ይጠይቃል። የዘጠነኛውና የዩ ጎዳና ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ካሉበት ጥቂት ብሎክ ተራምዳችሁ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1965 እስኪፈርስ ድረስ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1924 የዋሽንግተን ሴናተርስ በአሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ ኒውዮርክን አሸንፎ ዋንጫ በላ፤ በመጨረሻዋ ምት ኳሷ መሬት ላይ ነጥራ በተከላካዩ ራስ ላይ ዘለለች። እዚያው በ1940ዎቹ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር፤ ጆሽ ጊብሰን የሚባለው መቺ የነበረበት። የሜዳው ባለቤት ቡድን ግን እስከ 1954 ድረስ አንድ ጥቁር አላሰለፈም። ጊብሰን ጃኪ ሮቢንሰን የቀለሙን አጥር ሊሰብር ጥቂት ወራት ሲቀሩ በጥር 1947 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ሲቀላቀል በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው እሱ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው ክትፎ ከምንበላበት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ተሳፋሪ ይዞ በዚያ ሆስፒታል በር ያለፈው ወንድሜ አያውቅም ነበር፤ የነገረኝ ልጁ ነው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ልጁ ጨዋታውን በእጁ ይመዘግብ ነበር። ለያንዳንዱ መቺ ትንሽ ካሬ አለው፤ ውስጡ የተጋደመ የሜዳ ሥዕል። የሆነውን ሁሉ በቁጥርና በፊደል ያሰፍራል። አንድ ቦታ ላይ «ኢ ስድስት» ብሎ ጻፈ። ምንድን ነው? «ስህተት። ሾርት ስቶፑ መያዝ የነበረበትን አልያዘም።» ስታዲየሙ ሰሌዳ ላይም አሳየኝ፤ ሦስት ዓምድ አለ፤ ያገቡት ነጥብ፣ የመቱት ምት፣ የሠሩት ስህተት። ስህተት! ከነጥቡ እኩል፣ በዚያው መጠን ተጽፎ፣ አርባ ሺህ ሰው እያየው!

እዚህ ላይ ነው እኔን የገዛኝ። ሠላሳ ዓመት ግድም በመሥሪያ ቤት ኖሬያለሁ፤ ስብሰባ ላይ ስህተት ሲነሳ የሚሆነውን አውቃለሁ። ወይ ማንም አልተሳሳተም፣ ወይ የተሳሳተው ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ይጠፋል። በዚህኛው ሰሌዳ ግን ሰውየው ስህተቱ ተጽፎበት በዚያው ቦታ ይቆማል፤ የሚቀጥለው ኳስ ወደሱ ይመጣል።

ደጋፊው እንደ ሰሌዳው ፍትሐዊ ነው አልልም። ቢል በክነርን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1986 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ፣ አሥረኛ ኢኒንግ ላይ ኳስ በእግሮቹ መሐል አለፈችና የቦስተን ቡድን ተሸነፈ። ኳሷ ከማለፏ በፊት ሁለት ነጥብ የነበረው መሪነት በሌሎች እጅ ባክኖ ውጤቱ እኩል ሆኖ ነበር፤ ሰባተኛ ጨዋታም ነበር፤ እዚያም ሦስት ለባዶ መርተው ተሸነፉ። ሕዝቡ ግን ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አሥራ አምስት ጊዜ የመታን ሰው በአንዲት ኳስ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቦስተን ለመክፈቻ ጨዋታ ሲመልሱት ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት፤ እሱም አለቀሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ሰሌዳው የጻፈው «አንድ ስህተት» ነው። የቀረውን የጻፈው ዋንጫ ሲመጣ ብቻ የሚያይ ሰው ነው፤ ከመጋቢትና ሚያዝያ ጀምሮ መቶ ስልሳ ሁለቱን ጨዋታ የተከተለማ ያ ሰው ስንቱን ኳስ እንደያዘ ያውቃል።

እኔም በዋንጫ ሰሞን የደረስኩ እንግዳ ነበርኩ፤ አልክድም። ግን ልጁ ወደ ኋላ ወስዶ አነበበልኝ። የዋሽንግተኑ ናሽናልስ በግንቦት አሥራ ዘጠኝ አሸንፎ ሠላሳ አንድ የተሸነፈ ቡድን ነበር። ጥቅምት 30 ቀን 2019 ሂውስተን ውስጥ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ሁለት ለባዶ ሲመሩ፣ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ አንድ ነጥብ ሳያገኙ ሲቆዩ፣ እኔ ደብተሩን ይዤ እርሳሱ ላብ አጥቦት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ተይዞ ራሱን ችሎ መልበስ ያቃተው ማክስ ሸርዘር በየኢኒንጉ ተጋጣሚ ቤዝ ላይ እየቆመበት አምስት ኢኒንግ ታገለ። ከዚያ ሬንዶን መታ። ሶቶ በአራት ቦል ሄደ። የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ወደ ቀኝ በርራ የዳር ምሰሶውን ደወል እንደሚመታ መታችው። ልጁ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፤ ወንድሜ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ሮጦ መጣ። ከ1924 በኋላ የከተማዋ የመጀመሪያ ዋንጫ ነበር፤ በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ በአሜሪካ የሰባት ጨዋታ ዋንጫዎች ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ተሸናፊው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ዋንጫ በበላበት ዓመት የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ፣ የቆሻሻ በርሜል እየደበደበ ለመቺዎቹ ያሳውቅ እንደነበረ በይፋ ተረጋገጠ። አሠልጣኙና ሥራ አስኪያጁ ታገዱ፤ ክለቡም አባረራቸው። ዋንጫውን ግን አልተነጠቀም፤ ተጫዋቾቹም አልተቀጡም። አስቀያሚ ነው። ጨዋታን መውደድ ነውሩን መሸፈን አይደለም፤ እንዲያውም ነውሩ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያየው ጨዋታው የገባው ብቻ ነው።

ልመለስ ስል ልጁ አንድ ነገር ነገረኝ። በልጅነቱ አራት በጋ በሰፈር ቡድን ተጫውቷል። አባቱ ሁልጊዜ በታክሲው ያደርሰው ነበር፤ ግን ከመኪናው አይወርድም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይተኛል። «አንድ ቀን መታሁ። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሜ መኪናውን አየሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በወንድሜ መፍረድ ቀላል ነው። አሥራ አራት ሰዓት የነዳ ሰው ሲተኛ ምን ይባላል? ድካሙን አልነካም። የምነካው ያችን «አልገባኝም» ስትል የነበረችውን ኩራት ነው። ድካም ልጁን ከመኪና ውስጥ ያሳየዋል፤ ኩራቷ ናት መጋረጃ የምትዘጋ። አንድ ቀን እንኳ «ምን ጻፍክ?» ብሎ ደብተሩን አልጠየቀም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሎስ አንጀለስና ቶሮንቶ ለሰባተኛው ጨዋታ ሲገናኙ እዚህ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ በስልኬ እከታተላለሁ፤ ደብተሬም ጭኔ ላይ ነው። በዘጠነኛው ኢኒንግ አራት እኩል ናቸው፤ ቶሮንቶ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ ሎስ አንጀለስም ያማሞቶን አስገባ። ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«ጋሼ፣ ታያለህ? ይሄ ጃፓናዊ ትናንት አልወረወረም እንዴ?»

«ወርውሯል፤ ዘጠና ስድስት ጊዜ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊሠራ ገባ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ የመምህርነት አመሌም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እሱን ልጅህን ጠይቀው» አልኩና ዘጋሁበት። ልጁ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሌላ ከተማ ይኖራል።

ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው የቶሮንቶው ሯጭ በአንድ እርምጃ ያህል ዘግይቶ ወጣ፤ ቀጥሎ የመጣችውን ኳስ ሁለት ተከላካዮች አጥሩ ሥር ተጋጭተው ያዟት። በአሥራ አንደኛው ዊል ስሚዝ ሆም ረን መታ፤ ያማሞቶም ጨረሰው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ ለወንድሜ መልሼ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ቡና አፍልቼ ጠጥቼ ደግሜ ደወልኩ። አሁንም ተይዟል።