ለበሽተኛም ከፍትፍቱ ፊቱ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ምሳሌ ስለ ግብዣ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ከግብዣ ቤት ይልቅ በሆስፒታል ውስጥ እውነትነቱ የሚጎላ መስሎ ይታየናል።

በአገራችን ሰው ሲታመም ብቻውን አይተውም። ዘመዱ፤ ጎረቤቱና የዕድሩ ሰው «እግዜር ይማርህ» ለማለት አልጋውን ይከበዋል። የኮቪድ ወረርሽኝ ግን ይህን ልማድ ከለከለ። የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፤ ቀጥሎም የሕክምና ቦታ በሆነው በሚሊኒየም አዳራሽ ለተኛ በሽተኛ ጠያቂ አይገባለትም ነበር። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነውና ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ሌላ ሕመም አስከተለ።

የዚያን በሽተኛ ሁኔታ እናስብ። ትንፋሽ ሲያጥረው የሞት ፍርሃት ይይዘዋል፤ የመሣሪያው ድምፅና ሌሊቱን የማይጠፋው መብራት እንቅልፍ ይነሡታል፤ የጎረቤቱ አልጋ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው «ተራው የእኔ ነው» ይላል። ሐኪሙ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የተሸፈነ በመሆኑ ፈገግታው እንኳ አይታይም። አንዳንዱም በሽተኛ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ያቅተዋል። ይህም የኦክሲጅን ማነስ፤ የትኩሳት፤ የማደንዘዣ መድኃኒትና የእንቅልፍ ማጣት ውጤት ነው እንጂ እብደት ወይም ርኩስ መንፈስ አይደለም። ድነው ቤታቸው ከገቡም በኋላ ድንጋጤው ለወራት ያልለቀቃቸው አሉ።

ይህን ጭንቀት ለማቅለል የግድ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በ2007 ዓ.ም. ላይቤሪያ ከኢቦላ ጋር ስትታገል ሜሪ ቤዝ ሄፈርናን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ጥበብ ባለሙያ የሐኪሞቹን ፎቶግራፍ እያነሣች በመከላከያ ልብሳቸው ላይ እንዲለጠፍ አደረገች። በሽተኞቹም የሚያክማቸው ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት በቁ። በኮቪድ ጊዜም በአሜሪካ አንዳንድ ሆስፒታሎች ይኸው ዘዴ ተሠርቶበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ዳግመኛ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የሚምል ግን የለም። ስለዚህ ሆስፒታሎቻችን ለሚመጣው ሲዘጋጁ ከአልጋውና ከኦክሲጅኑ ጋር ሦስት ነገሮች አብረው እንዲያሰናዱ እናሳስባለን፤ ይኸውም በየክፍሉ በሽተኛውን ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኝ ቴሌፎን፤ በሐኪሙ ልብስ ላይ ስሙና ፎቶግራፉ፤ በየዕለቱም በሽተኛውን የሚያነጋግር የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ናቸው። እኛም ድኖ የተመለሰውን ጎረቤታችንን ከመሸሽ ይልቅ እንደ ልማዳችን ቤቱ ሄደን እንጠይቀው። በሽታው ያስቀረብንን የጥየቃ ዕዳ የምንከፍለው ያን ጊዜ ነው።