በክፍት ፕሮግራም ወደሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ስለሚገባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ማንም ሰው የተሠራበትን ጽሑፍ አንብቦ ሊመረምረው፥ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የተፈቀደለት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ክፍት ምንጭ ይባላል። ከነዚህም ስሙ የገነነው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ሊኑክስ ነው። ብዙ ሰዎች ወደዚህ ፕሮግራም የተጠጉት ዋጋ ስለማይጠየቅበት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ስለሚቻልም ነው።

አሁን ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደነዚህ ኮምፒዩተሮች ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ገሚሶቹ ጽሑፍ የሚያሳጥር፥ ቋንቋ የሚተረጕም፥ ለዓይነ ሥውርም ሥዕሉን በቃል የሚገልጽ ረዳት ነው ይላሉ። ገሚሶቹ ጓዳ ድረስ የሚገባ ሰላይ ነው ብለው ይሸሹታል። የሁለቱም ነገር ሐሰት አይደለም። ስሕተት የሚገኘው፥ ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ ምሥጢር አይባክንም በሚሉት ዘንድ ነው። ክፍት የሆነው በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ክፍል ነውና፤ ጽሑፉ ተነሥቶ በሩቅ አገር ወዳለ ሰርቨር ከሄደ በኋላ፥ በዚያ ማን እንደሚያነበው፥ ስንት ዘመንም እንደሚቀመጥ ከዚህ ሆኖ ሊያይ የሚችል የለም። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ገና ያልተፈረመ ደብዳቤ እንዲያሳጥርለት ለእንዲህ ያለው ረዳት ቢሰጠው፥ አለቃው ሳያየው ባዕድ አየው ማለት ነው።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት 12.10 በሚል ቍጥር ሲወጣ፥ ሰው የገዛ ዶሴውን ለመፈለግ የጻፈው ቃል ወደ አሠሪው ኩባንያ ወደ ካኖኒካል ሰርቨር ይላክ ነበር፤ መልሱም ከአማዞን ሱቅ ዕቃ ጋራ ተቀላቅሎ ይመጣ ነበር። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት ነበረ፤ ባለቤቱን ግን አስቀድሞ የጠየቀው አልነበረም። ሪቻርድ ስቶልማን ነገሩን ስለላ ነው ብሎ ነቀፈ። የኩባንያው መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ፥ ተጠቃሚው መላ ኮምፒዩተሩን አስቀድሞ አምኖናል የሚል መልስ ሰጠ። መልሱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን መጋዘን እንዲጠብቅ የታመነ ሰው ደብዳቤ እንዲከፍት አልተፈቀደለትም። ኩባንያውም በ2016 ዓ.ም. ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ይህ ፍለጋ ተዘግቶ እንዲመጣ አደረገ።

በሌላ ወገን ፋየርፎክስ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ የድረ ገጽ ጽሑፍ የሚተረጕመው በዚያው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው፤ የሚነበበው ቃል ወደ ውጭ አይወጣም። እንግዲህ ረዳቱን ያለ ስለላ ማግኘት የሚቻል ነገር ነው።

ሆኖም ሥራው በቤት ውስጥ መቅረቱ ብቻውን አይበቃም። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2024 ዓ.ም. ሪኮል የተባለውን ባስታወቀ ጊዜ፥ በየጥቂት ሰኮንዱ የሚነሣው የገጹ ሥዕል በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል ብሎ ነበር፤ ሰዎች ግን ሌባ ቢገባ የሁሉን ነገር መዝገብ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል ብለው ጮኹ። ኩባንያውም ሥራውን አዘገየው፤ በ2025 ዓ.ም. ሲያወጣውም ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ እንዲሠራ አደረገው።

ስለዚህ የክፍት ፕሮግራም ሠሪዎች ረዳቱን ከዋናው ፕሮግራም ለይተው፥ ሊነቀል በሚችል አኳኋን፥ ዘግተውም ማቅረብ ይገባቸዋል፤ ጽሑፍ የሚወጣም ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ከመላኩ በፊት በግልጽ ቃል ይናገሩ። በቤት ውስጥ የሚሠራው ረዳት ብርቱ ኮምፒዩተር እንደሚሻ አይካድም፤ ደካማ ኮምፒዩተር ያለው ጸሐፊ ወደ ሩቁ ሰርቨር መሳቡ አይቀርም። እርሱ ግን ምሥጢር ያለበትን ደብዳቤ እስከዚያው በገዛ እጁ ቢያሳጥር ይሻለዋል።