የኤሲ ጋዝ አያልቅም፣ ያፈሳል!

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ኡበር የምትነዱ፣ ይቺን አንብቡ። ሰመር በመጣ ቁጥር አንድ ጣሳ ጋዝ ገዝቶ ደጅ ላይ ኤሲ መሙላት ቁጠባ አይደለም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

የጣሳው ጌጅ የሚያሳየው የዝቅተኛውን መስመር ግፊት ብቻ ነው፤ ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ አይነግራችሁም። ከልክ ካለፈ ኮምፕሬሰሩን ይገድላል። የሚያመልጠው አር-134ኤ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

"መካኒክ ውድ ነው" ትላላችሁ። ኮምፕሬሰር ይብሳል! መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ፣ ይጠገን፤ ከዚያ በሚዛን ይሞላ።

ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉ።