የሐሬን ውኃ ሳንለካ በትክክል ልናካፍለው አንችልም

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከጫካዋ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በስተምሥራቅ አባያና ጫሞ ተንጣለዋል፤ ከደጋው የሚወርዱት ሐሬ፣ ኩልፎና ሲሌ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሁለቱ ሐይቆች ይገባሉ። ይህን ሁሉ ያየ እንግዳ በዚህ አገር የውኃ ጭቅጭቅ አለ ቢሉት አያምንም። በበጋ ግን በቦዩ ጫፍ የሚገኘውን ገበሬ ማሳ ሄዶ መመልከት ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል።

የሐሬን ወንዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቆላ ሻራ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባና ጫኖ ሚሌ በዚሁ ወንዝ ያለማሉ። ቀድሞ በቆሎና ጥጥ ይበዛበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በሙዝ ተሸፍኗል። በቆሎ ተሰብስቦ ማሳው ያርፋል፤ ሙዝ ግን ዓመቱን በሙሉ ይጠጣል። ሙዝ በዓመት ከ1,200 እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር ውኃ እንደሚፈልግ የታወቀ ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ ሜዳ የሚዘንበው ግን 1,000 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጉድለቱን መሙላት ያለበት ወንዙ ነው። ወንዙ ደግሞ የሚያንሰው ሙዙ አብዝቶ በሚጠማበት በበጋው ወራት ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። የታችኞቹ «የላይኞቹ ውኃውን ጠልፈው አስቀሩብን» ይላሉ፤ የላይኞቹም «ወንዙ ራሱ አነሰ» ብለው ይመልሳሉ። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ተራ ይወጣል፣ ለጥቂት ሳምንት ሰላም ይሆናል። የጋሞ ሕዝብ በሽምግልናና በዕርቅ የታወቀ ነውና ይህ ባሕል የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ሽማግሌ ምን ያህል ውኃ እንዳለ ሳያውቅ ተራ ቢያወጣ፣ የሚያካፍለው ሰዓቱን እንጂ ውኃውን አይደለም። በጥቅምት የስድስት ሰዓት ተራ የሚሰጠውና በየካቲት የስድስት ሰዓት ተራ የሚሰጠው ፈጽሞ አይገናኙም። ልክ በሌለበት ደግሞ ጉልበት ያለው፣ ዘመድ ያለውና ከመጥለፊያው አጠገብ የሰፈረው ማሸነፉ አይቀርም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ የሚሆነው የውኃ ትምህርት ዋና ማእከል በሆነችው ከተማ ደጃፍ መሆኑ ነው። የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጓል። የአገሪቱ ብዙ የውኃ መሐንዲሶች ከዚያ ወጥተዋል፤ ስለ አባያና ጫሞ ተፋሰስም ብዙ ጥናት ተደርጓል። በኋላ የውኃ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ስለሺ በቀለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ድሬስደን ላይ ያቀረቡት ጥናት በዚሁ ተፋሰስ ላይ ሲሆን፣ መረጃ ባነሰበት ሁኔታ ውኃን ማልማት እንዴት እንደሚቻል የመረመረ ነበር። የመረጃ እጥረቱ ግን በቦዮቻችን ላይ ዛሬም እንዳለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሆኖ መሬትን የመቃኘት ዘዴ፣ ማለት ሪሞት ሴንሲንግ፣ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው በ1964 ዓ.ም. ሐምሌ ሲሆን፣ ፎቶግራፎቹ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንም ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ሴንቲኔል ሁለት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ደግሞ አንዱን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያነሣሉ። አገራችንም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የራሷን የመሬት መቃኛ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ከእነዚህ ፎቶግራፎች ሙዝ የተተከለበትን ስፋት፣ የትኛው ማሳ እንደለመለመና የትኛው እንደተጠማ፣ የሐይቁ ዳርቻ ምን ያህል እንደሰፋ ወይም እንደሸሸ፣ አባያን ያቀላው የደጋው አፈር በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ይቻላል።

ሆኖም ሳተላይት ሁሉን አያይም። በደመና ቀን ተራው ፎቶግራፍ አይሠራም። ሴንቲኔል ከሰማይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ቁራሽ መሬት 10 ሜትር በ10 ሜትር ሲሆን፣ የእኛ ቦይ ግን አንድ ሜትር ነው። ስለዚህ ማሳው መጠማቱን ይነግረናል እንጂ በቦዩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለፈ አይነግረንም። ይህን ሊነግር የሚችለው በቦዩ ዳር የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ሥራውም ከባድ አይደለም። ቀጥ ያለ የቦይ ክፍል ተመርጦ 10 ሜትር ይለካል፤ ቀላል እንጨት ተጥሎ ስንት ሴኮንድ እንደወሰደ ይቆጠራል። ቦዩ አንድ ሜትር ስፋት፣ ውኃው 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና እንጨቱ በ20 ሴኮንድ ቢደርስ፣ የላዩ ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው። የታችኛው ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.85 ተባዝቶ ሲሰላ በሴኮንድ 170 ሊትር ያህል ይሆናል። አንድ ሄክታር ሙዝ በበጋ ቀን 50 ሜትር ኩብ ገደማ የሚፈልግ ቢሆንና ከውኃው ግማሹ በመንገድ ቢባክን፣ ይህ ቦይ ቀንና ሌሊት ፈስሶ የሚያጠጣው ወደ 145 ሄክታር ነው። በዚያ ቦይ ላይ 250 ሄክታር ሙዝ ከተተከለ፣ ጠቡን ያመጣው የሰው ክፋት ሳይሆን ከውኃው በላይ መተከሉ መሆኑ ይታወቃል።

አንዳንድ መሪዎች «ቁጥር ከተጻፈ ለግብር ወይም ለቅጣት ይውላል» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱ ግን መዝገቡን መደበቅ ሳይሆን በአደባባይ ማንበብ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ቁጥር ማንም ብቻውን ሊያጣምመው አይችልም።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበርና የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር መሪዎች ሦስት ነገር ብታደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ በየዋናው ቦይ መግቢያ በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ የመለኪያ ዘንግ ይተከል፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ጧትና ማታ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በየሳምንቱ የላይና የታች ተጠቃሚዎች ባሉበት ይነበብ፤ ተራውም በዚያ ይስተካከል። ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በማኅተሙ ለዩኒቨርሲቲው ጽፎ፣ የአካባቢውን የሳተላይት ካርታ ይጠይቅ።

ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ ካርታውን በአማርኛና በጋሞኛ አዘጋጅቶ፣ ከበጋው በፊት ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሊያመጣ ይገባዋል። ገበሬው ቦዩን ለክቶ ቢሰጠው ለተመራማሪው ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ ዕርዳታ ይሆነዋል።

ሙዝ ተካዩ ሁሉ ውኃውን ካልለካ፣ ነገ አዲስ ማሳ ሲከፈት ጉዳቱን የሚቀምሰው በቦዩ ጫፍ ያለው ድኻ ነው። በበጋው መግቢያ፣ ውኃው ገና ሳያንስ፣ ዘንጉ ይተከል።